ፊላው ላይ ያየሻት

ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽም ጉልበት ተሽሏታል፣ አብሽሪ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ እንቁራሪት ነው።

ስምንት ዓመትሽ ነበር። ክረምት ነው። ከሐይቁ ዳር እየሮጥሽ መጣሽና «አባባ፣ ፊላው ላይ የወጣች እንቁራሪት አየሁ!» አልሽኝ። ቤቱ እንግዳ ሞልቶታል፣ ቶናው እየተቀዳ ነው። እኔም የሳይንስ መምህር ነኝና «እንቁራሪት ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ አይወጣም። አትዋሺ» አልኩሽ። «ወላሂ አባባ፣ ጣቶቿ ጫፍ ላይ ምስር የሚያካክል ክብ ክብ ነገር አላት» አልሽ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ያየሽውን ነገር ለእኔ መንገር ተውሽ።

ሰሞኑን የእህትሽ ልጅ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፍቶ አሳየኝ። ቀይ ዓይን ያላት የዛፍ እንቁራሪት ናት። አገሯ ሩቅ ነው፤ ከደቡብ ሜክሲኮ ጀምሮ በመካከለኛው አሜሪካ እስከ ኮሎምቢያ ባለው ዝናብ የማይለየው ቆላ ደን ውስጥ ትኖራለች። ቀን ቀን ቅጠል ላይ ተለጥፋ ትተኛለች። እግሯን ሰብስባ ዓይኗን ስትጨፍን አረንጓዴ ጀርባዋ ብቻ ስለሚታይ ከቅጠሉ አትለይም። የነካት ሲኖር ያ በርበሬ የመሰለ ዓይኗ ቦግ ይላል። ትልቅ የምትባለዋ ሴት 7 ሳንቲሜትር ገደማ ናት።

እግሯን አቅርቦ ሲያሳይ «አቁመው» አልኩት። ጣቶቿ ጫፍ ላይ ክብ ክብ ነገር አለ። ልክ ምስር። አንቺ እንዳልሽው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትኩ። ያ ክብ ነገር ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እርጥብ ወረቀት መስታወት ላይ እንደሚለጠፍ፣ እሷንም ቅጠሉ ላይ የሚያጣብቃት እርጥበቱ ነው።

እንቁላሏንስ የት እንደምትጥል ብነግርሽ! ውሃ ውስጥ አይደለም። ወንዱን እንዳዘለች ኩሬ ውስጥ ትወርድና በቆዳዋ ውሃ ትስባለች። ከዚያ ወጥታ ከኩሬው በላይ በተንጠለጠለ ቅጠል ላይ 40 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ሲያዩት የተዘፈዘፈ ተልባ ነው የሚመስለው። ስድስት ሰባት ቀን ሲሆናቸው ልጆቹ ከነጭራቸው ቁልቁል ውሃው ውስጥ ጠብ ጠብ ይላሉ።

እባብ የመጣ እንደሆነ ግን ቀኑን አይጠብቁም። ገና በ4ኛው ቀን እንኳ፣ እባቡ እንቁላሉን መብላት ሲጀምር የቀሩት ሽፋናቸውን ቀደው በሴኮንዶች ውስጥ ውሃው ውስጥ ይወድቃሉ። ይህን ካረን ዋርኬንቲን የምትባል ተመራማሪ በ1995 እ.ኤ.አ. አሳተመችው። ዝናብም እኮ ቅጠሉን ያናውጠዋል፤ ለዝናብ ብለው ግን አይወጡም። የእባቡን መነቅነቅ ከዝናቡ ይለዩታል፣ እንቁላል ውስጥ ሆነው! ያለ ቀኑ የወጣው ለጋ ስለሆነ ዓሣ ቶሎ ይበላዋል። ስለዚህ በከንቱ አይቸኩሉም። እኔ ይህን ሦስቴ ደጋግሜ አነበብኩት።

ለካ በእኛም አገር አሉ። ባሌ፣ ሐረና ደን ውስጥ፣ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኙ የዛፍ እንቁራሪቶች ይኖራሉ። ውሃ ዳር ሸንበቆና ፊላ ላይ የሚወጡ ትንንሾችም አሉ። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነው ስንት ልጅ ያስተማርኩት።

አልዋሸሽም ነበር፣ ልጄ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ያውም ሰው ፊት። አውፍ በይኝ። ያን ቀን ቡና ላይ ከነበሩት ጎረቤቶቻችን በሕይወት ላሉትም አንድ በአንድ ነግሬያቸዋለሁ።

ትናንት ማታ ባትሪ ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ዳር ዳሩ ታርሷል፣ ወደ ውስጥ ያለው ፊላ ግን አሁንም አለ። ጩኸታቸው ይሰማል። ባትሪውን ሳበራ ሁሉም ጸጥ አሉ። አጥፍቼ ብዙ ቆየሁ። ጉም ሲመጣ በረደኝና ተመለስኩ።

ዛሬም እሄዳለሁ። እስኪ አስታውሺና ደውይልኝ፦ ያየሻት ከታንኳ ማሰሪያው በየት በኩል ነበር? ፊላው ላይስ ምን ያህል ከፍ ብላ ነበር?

አባትሽ