ዕድገቱ ላለፈሽ ልጄ

ውድ ልጄ፣

የሥራ ዕድገቱ ስላለፈሽ መከፋትሽ ተገቢ ነው፤ በዚህ አልከራከርሽም። የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እንግዲያው ከዚህ በላይ ልልፋ" ብለሽ እንዳትነሺ። ልፋትሽ አላነሰም።

ዕድገት የሚወሰነው አንቺ በሌለሽበት ስብሰባ ነው። እዚያ ከሚቀመጡት መካከል ሥራሽን በዓይኑ ያየው ምናልባት የቅርብ አለቃሽ ብቻ ነው። ሌሎቹ የሚያውቁሽ በተጻፈው ምዘናና እሱ በሁለት ደቂቃ በሚናገርልሽ ነገር ነው። "ሥራዬ ይናገርልኛል" እያሉ ዝም ያሉ ስንት ጎበዞች ባሉበት የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከመቆጣትሽ በፊት ለምን እንዳለፈሽ ለዪ። መደቡ አንድ ብቻ ከነበረ ወይም በጀት ካልተያዘ፣ ነገሩ ከችሎታሽ ጋር አይገናኝም፤ የሚቀጥለው በጀት መቼ እንደሚዘጋ ጠይቀሽ ከዚያ 3 ወይም 4 ወር አስቀድመሽ ፍላጎትሽን አሳውቂ። በምዘናው ቀን የተነገረ ፍላጎት አብዛኛውን ጊዜ የዘገየ ነው። ሌላው ምክንያት የላይኛው መደብ የሚፈልገው ሌላ ችሎታ መሆኑ ነው። አሁን የምትመሰገኚው ራስሽ በምትሠሪው ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ሥራ ማከፋፈል፣ መወሰንና ጠብ ማብረድ ሊሆን ይችላል። የመደቡን የሥራ መዘርዝር አግኚና በእያንዳንዱ ተግባር ትይዩ ከሠራሽው አንድ ምሳሌ ጻፊ። ባዶ የቀረው መስመር ጉድለትሽን ያሳይሻል።

ለታታሪ ሰው ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን የማይተካ መሆን ነው። አንቺ ስትነሺ ሥራው የሚቆም ከሆነ፣ አለቃሽ በክፋት ሳይሆን በስጋት ያስቀርሻል፤ ማመስገኑን ግን አይተውም። መውጫው ለብዙዎች ይከብዳል፦ እውቀትሽን ማካፈል። ሥራሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረጃ በደረጃ ጻፊ፣ አንድ ሰው አሠልጥኚ፣ ከዚያ የ1 ሳምንት ፈቃድ ውሰጂ። በዚያ ሳምንት ተደውሎ የምትጠየቂው ነገር ሁሉ ገና ያላስረከብሽው ነው፤ ስትመለሺ እሱን ጨምሪበት። "ቦታዬን ይወስድብኛል" ብለሽ አትፍሪ፤ ተተኪ የሌለው ሰው ወደ ላይ ለመውጣት ይቸገራል።

አድልዎም አለ፤ እሱን አልክድም። ክፋት የሌለበት አድልዎም አለ። እ.ኤ.አ. በ1920 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ መኮንኖች የበታቾቻቸውን የመዘኑበትን ነጥብ ሲመረምር፣ ለቁመና፣ ለብልህነት፣ ለአመራርና ለጠባይ የተሰጡት ነጥቦች ከሚገባው በላይ ተያይዘው አገኛቸው። በአንዱ የተወደደ ሰው በሌላውም ከፍ ይልለት ነበር። በስብሰባ ላይ ዝምተኛ መሆንሽም እንዲሁ ጨርሶ ያልታየ ችሎታሽን ዝቅ ያደርግብሻል። በእያንዳንዱ ስብሰባ መጀመሪያ አካባቢ አንድ በቁጥር የተደገፈ ነገር ተናገሪ፤ ይበቃል።

ማስታወሻ መያዝ ጀምሪ። በየሳምንቱ መጨረሻ 10 ደቂቃ፣ ሦስት መስመር፦ ምን ሠራሁ፣ ለማን ጠቀመ፣ በቁጥር ምን ተለወጠ። "ሪፖርት አዘጋጀሁ" ዋጋ የለውም፤ "5 ቀን ይፈጅ የነበረው ሪፖርት በ2 ቀን እንዲያልቅ አደረግሁ" ግን አለቃሽ በቀጥታ ወስዶ የሚናገረው ነው። በየ3 ወሩ ወደ አንድ ገጽ አሳጥሪው። ምዘናው የዓመት ቢሆንም ለመዛኙ ጎልቶ የሚታየው የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሥራ ነው፤ የቀረውን የሚያስታውሰው የአንቺ ወረቀት ነው።

አለቃሽን አሁኑኑ አታነጋግሪ፤ ጥቂት ቀናት ይለፉና 30 ደቂቃ ቀጠሮ ያዢ። ስለተሾመው ሰው አንድ ቃል አታንሺ፤ ካነሳሽ አለቃሽ ያንን ሰው በመከላከል ጊዜሽን ይጨርሰዋል። "ለሚቀጥለው ዙር ስሜን አንስተህ እንድትሟገትልኝ ምን ማየት አለብህ?" ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። መልሱ "በርቺ" ወይም "ትንሽ ታገሺ" ከሆነ መልስ አይደለም፤ "በምን ሥራ? እስከ መቼ? የሚወስነውስ ማን ነው?" በይው። በማግስቱ የተባባላችሁትን በአምስት መስመር ኢሜይል አድርጊለት፤ ያልተጻፈ ቃል አለቃ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ተጠባባቂ ሆነሽ እንድትሠሪ ከጠየቁሽ፣ ጊዜው፣ አበሉና ጊዜው ሲያልቅ የሚሆነው በደብዳቤ ይገለጽልሽ። ያለዚያ የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ደመወዝ ትሠሪያለሽ። የውድድሩ መስፈርት ተጥሷል ብለሽ ካመንሽ ደግሞ መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን ደንብ አንብቢ፤ የቅሬታ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ስለሆነ አትዘግዪ።

የተስማማችሁበትን ፈጽመሽ፣ ሁለት የምዘና ዙር አልፎ ምላሻቸው ካልተለወጠ ሌላ ቦታ ፈልጊ፤ ነገር ግን ሳትለቂ። "እለቃለሁ" የሚል ማስፈራሪያም በእጅሽ ሌላ ቅጥር ሳይኖር እንዳታወጪ።

የመደቡን መዘርዝር እንዳገኘሽ ላኪልኝ። ባዶ የቀሩትን መስመሮች አብረን እናያቸዋለን።

የምትወድሽ እናትሽ