ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። 31 ዓመት በነርስነት ያገለገልኩት ግን መንዝ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ሰው ሁሉ ሲስተር ይለኛል፤ ያልገባው ወረቀት ያለው ሁሉ ይዞ ወደ እኔ ይመጣል።

ባለፈው ወር የወንድሜ ልጅ መጣች። በነርስነት ተመርቃ ሦስት ዓመት ሥራ ያጣች ልጅ ናት። መርፌ አያያዝ መጀመሪያ ያሳየኋት እኔ ነኝ። አንድ ደላላ «እንግሊዝ አገር የኬር ጊቨር (የአረጋውያን ተንከባካቢ) ሥራ አለ፣ ስፖንሰሩም (አስመጪው አሠሪ) ተገኝቷል» ብሏት 280 ሺህ ብር ቀብድ ከፍላለች። ወንድሜ ጥማድ በሬውንና አሥራ አራት በጎቹን ሸጠ። የጎደለውን እናቷ ከእቁብ ሞላች። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። ማኅተም አለው፣ ባንዲራ አለው። የአሠሪው ስም ግን የትም የለም።

ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን የእንግሊዝን መንግሥት ደንብ አነበብን። አረጋውያንን ለሚንከባከቡ ሠራተኞች በሩን ከፈት ያደረጉት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ቤተሰብ ይዞ መግባትን ከለከሉ። ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከውጭ አገር አዲስ ኬር ጊቨር ማስመጣቱን ዘጉት። ልጅቷ ብሩን የሰጠችው ኅዳር ላይ ነው፤ በሩ ከተዘጋ ከአራት ወር በኋላ!

ለነርስ መንገዱ አልተዘጋም፣ ግን ረጅም ነው። በእንግሊዝ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት መመዝገብ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ፣ ከዚያም የሙያ ፈተናዎችን መውሰድ ያስፈልጋል። ይህን መንገድ ደላላ በብር አያሳጥረውም።

ሌላም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት የከፋባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች አንዷ የእኛዋ ናት። እንግሊዝም በዚህ ዝርዝር መነሻነት ቀጣሪዎቿ እኛ ዘንድ መጥተው እንዳይመለምሉ በሥነ ምግባር ደንቧ ከልክላለች። አንዲት ነርስ ራሷ በቀጥታ ብታመለክት ግን አትከለከልም። ሥራ ፈላጊን «ሥራ አገኝልሃለሁ» ብሎ ገንዘብ መቀበልም በዚያ አገር ሕግ ክልክል ነው። ታዲያ ሰፈራችን ድረስ መጥቶ «ለእንግሊዝ ነርስ እመለምላለሁ፣ ቀብድ አምጡ» የሚል ሰው ማን ልኮት ነው?

ልጆቹ ለምን መሄድ ፈለጉ ብዬ አልፈርድም። ተመርቆ እናት ቤት መቀመጥ ያማል። የሚያንገበግበኝ ይህን ሁሉ ሳይነግራቸው ገንዘብ የሚቀበላቸው ሰው ነው።

የዞንና የወረዳ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ይህንኑ በግልጽ አማርኛ ጽፋችሁ በየቀበሌው ለጥፉልን። በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ይነገር። ኢንተርኔት የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው፤ ደላላው ግን ይደርሳል።

እኛ ለፖሊስ አመልክተናል። ልጅቷ እንግሊዝኛዋን ማጥናት ጀምራለች። በልግ ደርሷል፣ ወንድሜ ግን እስካሁን በሬ አልገዛም።

ጡረተኛዋ ነርስ፣ ከደብረ ብርሃን