ደብዳቤ ለልጄ፦ ይግባኝ አለ ብለሽ ዝም አትበይ

ልጄ፣ እንዴት አደርሽልኝ?

ትናንት ማታ ወንድምሽ ደውሎ ሲያጫውተኝ ነገሩን እንደ ቀላል ነው ያነሳው። ሐሙስ ዕለት በጥገኝነት ጠያቂዎች ችሎት ውስጥ ከጠበቃው ኋላ ተቀምጠሽ ነበር አለኝ። ጥገኝነት ጠያቂዋ ሴትዮ «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መጡ» ስትል አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ «ማታ ስምንት ሰዓት» ብሎ ተረጎመው። በእኛ የሌሊት ስምንት በእንግሊዞቹ የሌሊት ሁለት መሆኑን ከነበሩት ሁሉ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለጠበቃው ልታቀብዪው አሰብሽ። ከዚያ ተውሽው። ወንድምሽ ለምን ሲልሽ «ምን ችግር አለው፣ ካልሆነ ይግባኝ አለ» አልሽው።

እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሴትዮዋን ስም አልጠየቅኩም፣ አንቺም እንዳትነግሪኝ። ለወንድምሽም ቢሆን ይህን ያህል ማውራት አልነበረብሽም፤ የሰው ምስጢር ነው። ዋናው ነገሬ ግን ሌላ ነው። ይግባኝ አለ ብለሽ ዝም አትበይ።

አያትሽ የርስት ክርክራቸውን ይዘው እስከ ዙፋን ችሎት መድረሳቸውን ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ። ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ንጉሡ ፊት ቆመው ታሪኩን ከሥሩ፣ እንደ አዲስ ተናገሩ። እኛ ቤት ይግባኝ ሲባል የሚታሰበን ይህ ነው። ታችኛው ካልሰማሽ ላይኛው ይሰማሻል፣ እንደገና ትናገሪያለሽ። እንግሊዝ አገር ግን ወደ ላይ የሚሄደው ሰውየው አይደለም፣ ወረቀቱ ነው። ላይኞቹ ዳኞች በአብዛኛው ምስክር እንደገና አያስቀርቡም። የሰውን ፊት፣ ላቡን፣ የድምፁን መንቀጥቀጥ ያየው የታችኛው ዳኛ ነው ብለው እውነቱን ለእሱ ይተዉለታል። እነሱ የሚጠይቁት ዳኛው ሕጉን ስቷል ወይ፣ አካሄዱ ፍትሕ ያጓደለ ነበር ወይ ብለው ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት በመጽሐፍ አይደለም።

የእኔን ጉዳይ ታውቂዋለሽ፤ ሙሉውን ግን ነግሬሽ አላውቅም። በፈረንጆቹ 1997 የጥገኝነት ጥያቄዬን ይዤ ችሎት ፊት ቀረብኩ። «የታሰርኩት በታኅሣሥ 1985፣ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰልፍ በኋላ ነው» አልኩ። በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 1993 ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፍልሽ ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው። አስተርጓሚው «ዲሴምበር 1985» አለ። ሰማሁት። እንግሊዝኛዬ ያኔም ያንን ለመስማት ይበቃ ነበር። ዳኛው አጎንብሰው ይጽፋሉ፣ ብዕራቸው ይሰማል። እጄን ላነሳ ነበር። ዳኛ ሲጽፍ አይቋረጥም ብዬ ተውኩት። እናቴ ዝም አይነቅዝም እያለች ነው ያሳደገችኝ። የዚያን ቀን ዝምታዬ ነቀዘ።

ውሳኔው በፖስታ ሲመጣ እንዲህ ይላል። አመልካቹ ይህ መንግሥት በ1985 አሰረኝ ይላል፤ መንግሥቱ ሥልጣን የያዘው በ1991 ነው፤ ስለዚህ ቃሉ አይታመንም። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም። ፊታቸው የቀረበው ወረቀት ላይ ያለው ይኸው ነበር።

ጠበቃዬ ይግባኝ ልጠይቅ ብሎ ሞከረ። ስለ ቀን መቁጠሪያችን አስረዳ፣ ደብዳቤም አያያዘ። የመጣው መልስ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ይህ ነገር በችሎቱ ቀን ሊነገር ይችል ነበር፣ ለምን አልተነገረም? አንቺ ትምህርት ቤት የተማርሽው የ1954 የላድና ማርሻል ፍርድ እኮ ነው። አዲስ ማስረጃ ይዘሽ ይግባኝ ችሎት ስትመጪ መጀመሪያ የሚጠየቀው ተገቢ ጥረት ተደርጎ ቢሆን ያኔ ሊቀርብ አይችልም ነበር ወይ ነው። እኔ ይችል ነበር። አፌ ላይ ነበር። እጄን ብቻ ነበር የሚፈልገው።

የመኖሪያ ወረቀቱ የተገኘው ከስድስት ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ ነው። በመሃል አንቺ ተወለድሽ። በመሃል እናቴ ታመመች። መውጣት አልችልም፤ ከወጣሁ መመለስ የለም። የስልክ ካርድ እየፋቅኩ ድምጿን እሰማ ነበር። «መቼ ነው የምትመጣው» ትለኛለች፣ «በቅርቡ» እላታለሁ። በ2001 ሞተች። አልቀበርኳትም። አንቺ ይግባኝ አለ ስትዪ እኔ የምሰማው ያንን የስልክ ካርድ ነው።

ላይኞቹን ዳኞች የምንቅ እንዳይመስልሽ። ከአውቶቡሱ ሥራ እረፍት ሲኖረኝ የት እንደምሄድ ታውቂያለሽ። ለንደን ስትራንድ ያለው ትልቁ ፍርድ ቤት ገብቼ የሕዝብ ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ። ብዙ ጊዜ ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ሎርድ ጀስቲስ፣ ሌዲ ጀስቲስ ይባላሉ። በትለር ስሎስ በ1988 የመጀመሪያዋ ሴት ሆነው ሲሾሙ ሕጉ ሌላ ስም ስላልነበረው ሴት ሆነው ሎርድ ጀስቲስ ተባሉ። ዛሬ የእንግሊዝና የዌልስ ዳኞች የበላይ ሴት ናቸው፣ ሱ ካር፣ ከ2023 ጀምሮ። ይህን ስጽፍልሽ አንቺን እያሰብኩ ነው፣ አልደብቅሽም።

ከእነሱ በላይ ያሉት 12 ናቸው። እስከ 2009 ድረስ የሎርዶች ምክር ቤት አካል ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ከፓርላማው ፊት ለፊት የራሳቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አላቸው። ዊግ የለም፣ ካባ የለም፣ እንደ እኔና አንቺ ለብሰው ይቀመጣሉ። በሩ ለማንም ክፍት ነው። ጉዳዩ ለሕዝብ ሁሉ የሚተርፍ የሕግ ጥያቄ ካልሆነ ግን አያዩትም። የአንድ አስተርጓሚ ስህተት እዚያ አይደርስም። መስከረም 2019 ላይ ሌዲ ሄል የ11ዱን ዳኞች የአንድ ድምፅ ውሳኔ ሲያነቡ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የፓርላማውን ሥራ ማቋረጣቸው ከሕግ ውጭ ነው ሲሉ፣ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ሳልተኛ ነው ያየሁት። እናትሽ ሻይ ይዛ ቆማ ቀረች። የምንኮራበት አገር ነው።

ግን እነሱም ሰዎች ናቸው ልጄ። የበርሚንግሃሞቹን ስድስት ሰዎች አስቢ። ባልሠሩት የቦምብ ጥቃት በ1975 ተፈረደባቸው። የመጀመሪያው ይግባኝ ውድቅ ሆነ። ፖሊሶቹ ደበደቡን ብለው ሲከሱ በ1980 ሎርድ ዴኒንግ ክሱን ዘጉት፤ እነዚህ ሰዎች ከረቱ ፖሊሶቹ ዋሽተዋል ማለት ነው፣ ይህን ማሰብ እንኳ ይከብዳል በሚል ምክንያት ጭምር። በ1988 እንደገና ውድቅ ተደረገ። የተፈቱት በ1991 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! በኮምፒውተር ስህተት ሌቦች የተባሉትን የፖስታ ቤት ሰዎችም አይተሻል። ሚያዝያ 2021 ላይ በአንድ ቀን የ39 ሰው ፍርድ ተሻረ፣ አንዳንዶቹ ግን ያንን ቀን ሳያዩ ሞተዋል። ይግባኝ አለ፣ አዎ። ማን ቆሞ ይጠብቀዋል?

ሎርድ አትኪንን ደግሞ አስቢያቸው። በ1941፣ ጦርነት ላይ፣ ሚኒስትሩ ሰውን ያለ ፍርድ ያሰረበት ጉዳይ መጣ። አምስት ዳኞች ተቀመጡ፣ አራቱ ለሚኒስትሩ ፈረዱ። እሳቸው ብቻቸውን አይሆንም አሉ። ተሸነፉ፣ ግን ቃላቸው ተጻፈ። ከ38 ዓመት በኋላ ሎርድ ዲፕሎክ እዚያው ምክር ቤት ያኔ የተሳሳቱት ብዙዎቹ ናቸው አሉ። ያልተጻፈ ቢሆን ኖሮ ምኑን ያነሱት ነበር?

ተቆጣሁሽ። ይቅር በዪኝ እናትዬ። ሥራ ከጀመርሽ ገና ስድስት ወርሽ ነው፣ ትልልቅ ሰዎች መካከል ነሽ፣ ጠበቃው ዞር ብሎ ቢገላምጠኝስ ብለሽ ይሆናል። ይግባኛል፣ የኔ ልጅ ነሽ። ይህ ዝምታ ከእኔ የወረስሽው እንዳይሆን ነው የምፈራው። ይግባኝ አለ ብለሽ ዝም አትበይ!

አሁን ስሚኝ። ዳኛዋ ውሳኔውን በጽሑፍ እልካለሁ ብለው እንደተለያዩ ወንድምሽ ነግሮኛል። ስለዚህ ገና አልተጻፈም ማለት ነው። ዛሬ እሑድ ነው። ማታ ቁጭ ብለሽ የሰማሽውን በአማርኛው፣ ከዚያ አስተርጓሚው ያለውን፣ ከጎኑ ትክክለኛውን ሰዓት ጻፊ። ቀኑንና ፊርማሽን አድርጊበት። ነገ ጠዋት ቢሮ እንደገባሽ፣ ቡና ሳትጠጪ፣ ለአለቃሽ ስጪ። ችሎቱ በድምፅ ተቀድቶ ከሆነ ያስመጡት። ቢቆጣሽም ይቆጣሽ። ውሳኔው ከመጣ በኋላ ለይግባኝ ፈቃድ መጠየቂያው 14 ቀን ነው፣ ያውም የሕግ ስህተት አለ ብላችሁ ማሳየት ይጠበቅባችኋል። ዛሬ ግን አንድ ገጽ ይበቃል።

እናትሽ በርበሬውንና ሽሮውን በሚመጣው ሰው ልካለች፤ በርበሬው ሳይበላሽ ፍሪጅ አስገቢው። ያንን ስስ ጃኬት ተዪው፣ ብርዱ ገና ነው።

ዛሬ የሌሊት ፈረቃ ነኝ፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቤት እገባለሁ። በፈረንጆቹ ሰባት ማለቴ ነው። ወረቀቱን ሰጥተሽ እስክትደውዪ አልተኛም።

አባትሽ