አንቯቲር፣ ልጆች!

ሞንትሪያል፣ ኅዳር መጨረሻ

ውድ እህቴ፣ አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? እማማ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ በረዶው ገብቷል። ዛሬ ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆኖ አገኘሁት።

ከተጻጻፍን አራት ዓመት ሆነን። አባትሽ፣ አባባ፣ ካረፉ ደግሞ ሁለት ዓመት አለፈ። አልደወልኩም። አልጻፍኩም። ለቅሶ መድረሱ ቢቀር እንኳ አንዲት “እግዜር ያጽናሽ” አላልኩሽም። ይህን ሳልናገር ስለ በረዶ ብቻ ባወራሽ ደግ አይሆንም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። አንቺንም እማማንም ያጽናችሁ። ዘግይቻለሁ፤ አውቃለሁ።

ለምን ዛሬ እንደጻፍኩልሽ ልንገርሽ። ነገሩ የመጣው በፈረንሳይኛ በኩል ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀማሪ ፈረንሳይኛ እማራለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ ከሥራ ወጥቼ። ስመጣ በእንግሊዝኛ ብቻ እኖራለሁ ብዬ ነበር። ለጊዜውም ኖርኩ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ለማሸግ ብዙ ቋንቋ አያስፈልግም። ወደ ላብራቶሪ ሙያዬ ልመለስ ስል ግን የሙያ ማኅበሩ መጀመሪያ የጠየቀኝ ፈረንሳይኛ ነው። ሞንትሪያል ያለችበት ክፍለ ሀገር፣ የኬቤክ የመንግሥት ቋንቋ ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሕግ አውጥተውለታል፣ በ2022 ደግሞ አጥብቀውታል። ብዙ ሰው በዚህ ሲማረር እሰማለሁ። እኔ አልማረርም። ዙሪያቸውን እንግሊዝኛ ከቧቸው ቋንቋቸውን ለልጅ ልጅ ማቆየት የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው። እኛም እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ሰብስበን ሀ ሁ የምናስቆጥረው ለዚሁ አይደል?

ቋንቋውን በ12 ደረጃ ነው የሚከፍሉት። ከ1 እስከ 4 ጀማሪ ነው። እኔ አሁን 4ኛው ላይ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ከኮሎምቢያ፣ ከቬትናም፣ ከኢራን የመጡ አሉ። መምህራችን ስልሳ ያለፋቸው የዚሁ አገር ሴት ናቸው። “ቲ” በሉኝ ይላሉ፤ “አንቺ” በሉኝ እንደማለት። ሁሉም ይላቸዋል። እኔ ግን እስካሁን አፌ እሺ አላለኝም፤ “ቩ” እላቸዋለሁ፣ እርስዎ ማለት ነው።

አንድ ቀን የት እንደተማርኩ ጠየቁኝ። አራት ኪሎ አልኳቸው። ያ ግቢያችን በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት የመጀመሪያው ኃላፊ ሉሲየን ማት የሚባሉ የኬቤክ ኢየሱሳዊ ካህን ነበሩ። ነገርኳቸው። በጣም ገረማቸው። እኔና አንቺ በዚያ ግቢ ዓመታት ተመላልሰን፣ የመሠረቱት ሰዎች ከየት እንደመጡ አንድም ቀን አልጠየቅንም።

ከሁሉ ያስቸገረችኝ አንዲት ድምፅ ናት። “ቲ” ብዬ ጻፍኩልሽ እንጂ “ቲ” አይደለችም። “ቱ”ም አይደለችም። መምህራችን ዘዴውን አሳዩን። ከንፈራችሁን “ኡ” ለማለት አሹሉ፣ ከዚያ ከንፈራችሁን ሳታንቀሳቅሱ “ኢ” በሉ አሉን። እስቲ አሁን እያነበብሽ ሞክሪው። እኔ ሜትሮ ውስጥ በመስኮቱ መስታወት ከንፈሬን እያየሁ ነው የተለማመድኩት። “ዠ” ግን አልከበደችኝም። የራሳችን ፊደል አለቻት።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ።

ባለፈው ዓመት፣ ትምህርቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር፣ ስለ መጓጓዣ ተማርን። ሜትሮ፣ አውቶቡስ፣ ባቡር። መምህራችን “ቯቲር” ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ። መኪና ማለት ነው። የባቡር ፉርጎም ቯቲር ይባላል አሉን። ከዚያ ድሮ ባቡር ሊነሣ ሲል የጣቢያው ሰው ተሳፋሪውን እንዴት ይጠራ እንደነበር ሊያሳዩን እጃቸውን አፋቸው ዳር አድርገው ጮኹ።

“አንቯቲር!”

ደነገጥኩ። አቦ፣ አባባ ክፍሉ ውስጥ የገቡ ነው የመሰለኝ።

ታስታውሺያለሽ አይደል? ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ግቢያችሁ በር ላይ፣ ጠዋት ጠዋት። ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ የእጅ ሰዓታቸውን አየት አድርገው፣ “አንቯቲር፣ ልጆች!” ሲሉን። አንቺ የጫማሽን ክር ሳታስሪ ስትሮጪ። እኔ ዳቦዬን በአፌ ይዤ። እኔ ሶማሊኛ ይመስለኝ ነበር። አንቺ ኦሮምኛ ነው ብለሽ ትከራከሪኝ ነበር። እሳቸውን ግን አልጠየቅናቸውም። ፍጠኑ ማለታቸው እንደሆነ ገብቶናል፤ ሌላ አላስፈለገንም። ለካ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበት ባቡር ላይ በየጠዋቱ ሲያሳፍሩን ነው የኖሩት።

ከዚያ ቀን በኋላ በየትምህርቱ እሳቸውን እጠብቅ ጀመር። “ዱስማ” መጣች። ቀስ በሉ፣ በእርጋታ ማለት ናት። የቡናውን ሲኒ ስናንኳኳ፣ የግቢውን በር ስንወረውር፣ “ዱስማ፣ ዱስማ” ሲሉን ትዝ ይልሻል። እኔ የእሳቸው የራሳቸው ቃል ይመስለኝ ነበር። “አን፣ ዱ፣ ትሯ”ም መጣች። እማማ የእህሉን ጆንያ ከጋሪ ሲያስወርዱ፣ አባባ በአንድ ጫፍ ጎረቤታችን በሌላው ሆነው የሚያነሡበት ቁጥር ናት። ለገሀር ራሱ “ላ ጋር” ነው፤ ባቡር ጣቢያው ማለት። ቢሮ፣ ጋራዥ፣ ሹፌር፣ ሁሉም የእነሱ ነው። ስንለው የኖርነው ቃል ክፍል ውስጥ አዲስ ቃል ተብሎ ሲሰጠኝ ከድሬዳዋ ዕቃ የተላከልኝ ያህል ደስ ይለኛል።

ከተማችን እኮ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ናት። ሐዲዱ እኛ ጋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የባቡሩ መጨረሻ እኛ ነበርን። ምድር ባቡር ውስጥ ደብዳቤው፣ ትእዛዙ፣ የማሽኑ ክፍል ስም ሁሉ በፈረንሳይኛ ነበር። አባባ ክፍል ገብተው አልተማሩትም። እጃቸው ግራሶ እንደያዘ ነው የለመዱት። እኔ መጽሐፍ ገዝቼ፣ ለትምህርቱ ከፍዬ፣ በሙቅ ክፍል ተቀምጬ የማልይዘውን “ር” እሳቸው ከመዶሻ ድምፅ መሀል ለቀሙት። ይህን ሳስብ አከብራቸዋለሁ። በሕይወት እያሉ በፈረንሳይኛ ሰላም ብያቸው ቢሆን ብዬ እቆጫለሁ።

ቁጥሩ ያስቸግራል። ሰባ የለም፤ ስድሳ ዐሥር ነው። ሰማንያ አራት ሃያ ነው። ዘጠና ዘጠኝ አራት ሃያ ዐሥር ዘጠኝ ይሆናል። መድኃኒት ቤት ሒሳብ ሲነገረኝ እስክደምር ከኋላዬ ሰልፍ ይበዛል። መጽሐፋችን ደግሞ ፈረንሳይ የታተመ ነው። መጽሐፉ ላይ “ዲኔ” እራት ነው፤ ኬቤክ ውስጥ ምሳ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ለዲኔ ጠርታኝ ምሽት ላይ ሄድኩ። ምሳውን አስቀምጣ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቀኝ ኖራለች። አዘንኩ፤ ሰው ማስጠበቅ አልወድም። ይህን ስጽፍ ያንቺው መጠበቅ ትዝ አለኝ።

ወደዚያው ልመለስ።

ከሁለት ሳምንት በፊት የቤት ሥራ ተሰጠን። ለቆየ ጓደኛ ደብዳቤ ጻፉ፣ 120 ቃል፣ በኃላፊ ጊዜ። በፈረንሳይኛ ኃላፊ ጊዜ ሲነገር አብዛኛው ግሥ የሚሄደው “አለኝ” ከሚለው ጋር ነው። ጥቂቶቹ ግን “ነኝ” የሚለውን ይፈልጋሉ። እነሱን በቃል መያዝ አለብን። መወለድ። መሞት። መሄድ። መምጣት። መነሣት። መቅረት። መውደቅ። ዝርዝሩን ሜትሮ ውስጥ ስሸመድድ የእኔና የአንቺ ነገር በሙሉ እዚያች ወረቀት ላይ ያለ መሰለኝ። አብረን ተወለድን፣ እኔ ሄድኩ፣ አንቺ ቀረሽ፣ እሳቸው ሞቱ።

ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ለማን እንደምጽፍ አላሰብኩም፤ እጄ ወዳንቺ ሄደ። መጀመሪያ “አንቺ” አጣሁ። “አንተ”ም “አንቺ”ም ያው “ቲ” ነው። እኔ ራሴ ሴት መሆኔን ግን ይጽፉታል፤ “ሄድኩ” ስል መጨረሻ ላይ አንዲት የማትነበብ ፊደል ትጨመራለች። ከዚያ አባባ ጋ ደረስኩ። “እሳቸው” የሚባል ነገር የላቸውም። አንድን ሰው ፊት ለፊት ሲያናግሩ ያከብራሉ፣ ስለ እሱ ሲያወሩ ግን “እሱ” ነው። በሕይወቴ “እሱ” ብያቸው የማላውቃቸውን ሰው “እሱ ሞተ” ብዬ ጻፍኩ። ብዕሩን አስቀምጬ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ያላለቀስኩትን።

የጻፍኩት በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው። “ውድ ጓደኛዬ። አባትሽ ሞተ። እኔ አልደወልኩም። ሥራ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ፈራሁ። ከዚያ አፈርኩ። ቤታችሁ በልቼ አድጌያለሁ። ይቅርታ።” ከዚህ በላይ መሄድ አልቻልኩም። በአማርኛ ቢሆን ስንት ነገር እደረድር ነበር። የሌሊት ፈረቃው፣ የሰዓቱ ልዩነት፣ የኔትወርኩ፣ የኑሮው። በፈረንሳይኛ ለሰበብ የሚሆን ቃል ገና አልተማርኩም። እውነቱ ብቻ ባዶውን ቁጭ አለ፤ እኔም አየሁት።

መርዶው የደረሰኝ በቴሌግራም ነው፣ መጋዘን ውስጥ፣ ሌሊት። ካርቶን በእጄ ይዣለሁ። ነገ በእርጋታ እደውላለሁ አልኩ። በነጋታው እንቅልፍ ጣለኝ። ሠልስቱ አለፈ። አሁን ምን ብዬ ልደውል አልኩ። አርባው አለፈ። ሙት ዓመቱ አለፈ። በየቀኑ ስልኩ ከበደኝ። አንቺን ረስቼሽ አይደለም። ስምሽን ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር ዓይኔን አነሣ ነበር። ይህን ስልሽ ይቅር በይኝ ለማለት እንጂ ይገባኛል በይኝ ለማለት አይደለም።

መምህራችን ወረቀቱን ትናንት መለሱልኝ። ብዙ ቀይ ይኖራል ብዬ ነበር። አንድ ቦታ ብቻ አርመዋል፣ “አድጌያለሁ” የሚለው ላይ። ከታች በእርሳስ አንዲት አጭር ጥያቄ ጽፈዋል። “ላክሽላት?”

ያንን ወረቀት እዚህ ውስጥ አጥፌ አስገብቼዋለሁ። ማንበብ ባትችዪም ይሁን። አባባ ሊያነቡት ይችሉ ነበር።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። መብራት ሲጠፋ አባባ ጣቢያዎቹን በተራ ያስጠሩን ነበር። የሳተ ሻማውን ይይዛል። ሰሞኑን በረዶ ላይ ስሄድ ለራሴ እጠራቸዋለሁ። ድሬዳዋ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማ፣ ሞጆ፣ ቢሾፍቱ፣ አቃቂ፣ ለገሀር። በመካከሉ የጎደሉኝ አሉ። ከድሬዳዋ እንደወጣን አንድ፣ ከአዋሽ በፊትም አንድ። እሳቸው እዚያ ጋ ስንደርስ ጣታቸውን ያነሡ እንደነበር አውቃለሁ፤ ስሙ ግን ጠፋኝ። እማማን ጠይቂልኝ።

እሁድ እደውላለሁ። በእናንተ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ቡና ላይ ስትሆኑ። እማማ አጠገብሽ ይሁኑ። ባታነሺውም አልቀየምሽም፤ በሚቀጥለው እሁድ በዚያው ሰዓት ደግሜ እደውላለሁ።

ያንቺው