ለአስጠኚዎች በሙሉ፦ የቅዳሜ ስብሰባ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ እዛው በምናስጠናበት ክፍል እንገናኝ። አጀንዳው አንድ ነው፣ ለልጆቹ ትምህርቱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያጠኑ፣ ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚያቅዱ፣ ውጤት ሲበላሽባቸው እንዴት እንደሚነሱ ከዚህ ወር ጀምሮ እናስተምር ወይ የሚለውን መወሰን።

እኔ በጣም ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ብዙዎቹ ሰንፈው አይደለም፣ ትልቅ አሳይመንት ከየት እንደሚጀመር ስለማያውቁ ነው እስከ መጨረሻው ማታ የሚያቆዩት፣ ለማቀድና ራስን ለመቆጣጠር የሚያግዘው የፊተኛው የአእምሮ ክፍል ደግሞ እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ገና እየበሰለ ነው የሚቆየው፣ ስለዚህ "ተደራጅ" ብሎ መቆጣት ብቻውን አይሠራም፣ አብረን ቁጭ ብለን ሥራውን ቆራርጠን ማሳየት አለብን። ጥናት ላይም ደጋግመው ሲያነቡና በሃይላይተር ሲያቀልሙ ያወቁት ይመስላቸዋል፣ ደብተር ዘግቶ ራስን መጠየቅ ግን በጣም ይሻላል፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከሳምንት በኋላ የበለጠ ያስታወሱት ራሳቸውን የፈተኑት ነበሩ።

ፈተና ለተበላሸባቸው ልጆች ረዘም ያለ ሰዓት እንስጥ፣ ወረቀቱን ከመደበቃቸው በፊት የቱ ጥያቄ ባለማወቅ የቱ በችኮላ እንደተሳተ አብረናቸው እንይ።

ስትመጡ የምታስጠኑትን ልጅ አንድ የታረመ ፈተና (ልጁን አስፈቅዳችሁ፣ ስሙን ሸፍናችሁ) እና የሳምንት ፕሮግራሙን ያዙ። የምትመጡም የማትመጡም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ፣ የማይመቻችሁ ሐሳባችሁን በቮይስም ቢሆን ላኩ።