ለዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሴቶች የበረዶ ሆኪ ቡድንና በዚህ የብርድ ወራት አብረውን ለነበሩ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን ረጅም የብርድ ወራት በሰላም አሳልፎ ለዚህ ቀን ያደረሰንን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ቀጥሎ ምስጋናዬ የሚገባው መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በሚኒያፖሊስ ከተማ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 3 አሸንፎ የአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች የበረዶ ሆኪ ሻምፒዮን ለሆነው ለዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ለባጀርስ ነው። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት ከልቤ የሚወጣው ምስጋና በሌላ ቋንቋ ሲሆን የሚጎድልብኝ ስለሚመስለኝ ነው። ልጄ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ለቡድኑ እንደምታደርስልኝ ቃል ገብታልኛለች። በማዲሰን፣ በሚልዋኪና በሚኒያፖሊስ የምትኖሩ ወገኖቼም ይህ ቡድን ለአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ምን እንዳደረገለት እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። በረዶ ማለት ለእኔ በሐምሌ ቆርቆሮውን እየደበደበ ወርዶ፣ ልጆች በእጃቸው አፍሰው ሳይጨርሱት የሚቀልጥ ነገር ነበር። ልጄ በስምንት ዓመቷ የክፍል ጓደኛዋ ጋብዛት በረዶ ላይ ሄዳ ስትመለስ፣ ጉንጯ ቀልቶ፣ ጉልበቷ ተልጦ፣ «እማዬ፣ እኔ ሆኪ ነው የምጫወተው» ስትለኝ ነገሩ ሳምንት ሲያልፍ የሚረሳ መስሎኝ ዝም አልኳት። አልተረሳም። ዕቃው ምን ያህል ውድ እንደሆነ ስሰማ ደግሞ የእኔ አቅም እንደማይችለው ነግሬያት ነበር፤ በማግሥቱ ግን የጓደኛዋ እናት የራሷ ልጆች ያደጉበትን የራስ ቁር፣ የትከሻና የጉልበት መከላከያ፣ ጓንትና መንሸራተቻ ጫማ በአንድ ትልቅ ሻንጣ ሞልታ በራችን ላይ አስቀምጣ ሄደች። ያን ጊዜ ስሟን እንኳ በወጉ አላውቀውም ነበር። የመንሸራተቻው ጫማ ክር እንደ ከበሮ ጠፍር ካልተወጠረ ቁርጭምጭሚት እንደሚታጠፍ፣ ለዚህም ልጅቷን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ እግሯን በጉልበት መሐል ይዞ ከታች ወደ ላይ ቀዳዳ በቀዳዳ መሳብ እንደሚያስፈልግ ያስተማረችኝም እሷው ናት። የልጄ ወፍራም ሹሩባ የራስ ቁሩን አላስገባ ባለ ጊዜ፣ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ማታ ከሥራ መልስ እየመጣሽ በቀጭን በቀጭኑ ወደ ኋላ የሠራሽላት እህቴ ሆይ፣ አንቺንም ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ በላ እሆናለሁ።

ወደ ቡድኑ ልመለስ። በማዲሰን ላባን አሬና የሚባለው የሴቶቹ ቡድን አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተና 2,273 ሰው የሚይዝ ነው። ትልቅ አይደለም፤ እኔን የጠቀመኝም ይኸው ነው፤ ከየትኛውም ወንበር ሆኖ የተጫዋቾቹ ስለት በረዶውን ሲፍቀው ይሰማል። የማታ ሥራ በአረጋውያን መጦሪያ ስለምሠራ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንቅልፌን ቆርጬ ነበር የምሄደው፤ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ፓኩ፣ በኳስ ፈንታ የሚመታው ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ፣ ራሱ አይታየኝም ነበር። ከጎናችን የሚቀመጡ፣ ለብዙ ዓመታት የዓመት ትኬት የያዙ አንድ ሽማግሌ ይህን አይተው «ፓኩን አትፈልጊው፣ ተጫዋቾቹን እይ፤ እነሱ የሚያዩበት ቦታ ነው ያለው» አሉኝ። ሰማያዊውን መስመር ከፓኩ ቀድሞ መሻገር ለምን እንደማይፈቀድ፣ ተጫዋቾቹ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላቸው ለምን በሌላ እንደሚለወጡ፣ ቅጣት ያለባት ተጫዋች ስትወጣ ቡድኗ በአራት ሰው እንዴት እንደሚከላከል በትዕግሥት ያስረዱኝ እርሳቸው ናቸው። አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ።

በዚህ ዓመት ያየሁት ቡድን ካለፈው ዓመት ኀዘን የተነሣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ባጀርስ ኦሃዮ ስቴትን 1 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ፤ በ2024 ደግሞ በፍጻሜው እነዚያው ሁለት ቡድኖች ተገናኝተው ኦሃዮ ስቴት በተራው 1 ለ 0 አሸነፈ። ልጄ በዚያች ሌሊት ትራሷን በዕንባ አርሳ ነው ያደረችው። ስለዚህ ዘንድሮ ቡድኑ በድፍን ዓመቱ ካደረጋቸው 41 ጨዋታዎች 38ቱን አሸንፎ፣ ሁለቱን አቻ ወጥቶ፣ አንዱን ብቻ ተሸንፎ ማጠናቀቁን ስናገር፣ ቁጥሩን እንደ ቁጥር አይደለም የማየው፤ እያንዳንዱ ጨዋታ ያንን ሌሊት ትንሽ ትንሽ እያራቀ ሲሄድ በቤቴ ውስጥ አይቼዋለሁ።

አምበሏ ኬሲ ኦብራየን ራሷ ያስቆጠረቻቸውና ለጓደኞቿ አመቻችታ ያቀበለቻቸው ግቦች ተደምረው 88 ደርሰው፣ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ሴት ተጫዋች የሚሰጣትን የፓቲ ካዝማየር ሽልማት ተቀብላለች። ለሽልማቱ የመጨረሻ ዕጩ ሆነው የቀረቡት ሦስቱም፣ ኦብራየን፣ ላይላ ኤድዋርድስና ካሮላይን ሃርቪ፣ ከዚህ ከአንድ ቡድን ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም። እኔን ግን ከሽልማቱ ይልቅ የነካኝ ከ88ቱ ውስጥ አብዛኞቹ ለሌላ ሰው አመቻችታ ያቀበለቻቸው መሆናቸው ነው። ልጄ «ማቀበል ከማግባት ይከብዳል» የምትለውን ከዚህች ልጅ ነው የተማረችው።

ስለ ላይላ ኤድዋርድስ ለብቻ መናገር አለብኝ። የኦሃዮዋ የክሊቭላንድ ሃይትስ ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ለአሜሪካ ዋናው የሴቶች ብሔራዊ ቡድን የተሰለፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች፤ ዘንድሮ ደግሞ 35 ግብ አስቆጥራ ከአገሪቱ የኮሌጅ ተጫዋቾች ሁሉ በልጣለች። በዚህ ዓመት ኅዳር ላይ ልጄን ለውድድር ወደ ሌላ ከተማ ይዤ ሄጄ ነበር። በር ላይ የቆመ አንድ ሰው ሻንጣውን ተሸክሜ እያየኝ የጽዳት ሠራተኞች መግቢያ በጓሮ በኩል መሆኑን ነገረኝ። እኔ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ እንዲህ ያለውን እንዴት እንደምውጠው አውቃለሁ፤ ልጄ ግን ሰማች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሻንጣው ሳይከፈት ኮሪደሩ ላይ ተቀመጠ፤ ምክንያቱን ስጠይቃት «ደክሞኛል» ከማለት በቀር አትመልስም። የመለሳት ይህ አንድ ነገር ነው ብዬ አልናገርም፤ የቡድን ጓደኞቿ ተሰብስበው ቤት ድረስ መጥተዋል፤ አሰልጣኟ ደውላለች፤ እኔም ጸልያለሁ። ነገር ግን በሦስተኛው ቅዳሜ ላባን አሬና ወስጃት ከመስታወቱ ሥር ቆመን ሳለ ኤድዋርድስ ለማሟሟቂያ ወጣች። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ከሰማንያ በላይ ነው፤ በረዶ ላይ ስትቆም ደግሞ ይበልጥ ትረዝማለች። በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል አንዲት ቀላል ምት ደጋግማ ትለማመድ ነበር። ልጄ ቆጠረችላት፤ ከቆጠራው በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም። ማታ ቤት ስንገባ ሻንጣውን ከፍታ የረጠበ ጓንቷ እንደ ሸተተ አገኘችውና «ለምን አላሰጣሽልኝም?» ብላ ተቆጣችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቁጣ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ላይላ፣ አንቺ ይህን አታውቂም፤ እንድታውቂው ነው የጻፍኩት።

የፍጻሜው ዕለት እሑድ ደብረ ዘይት፣ የዐቢይ ጾም እኩሌታ ነበር። ቅዳሜ ከማዲሰን ተነሥተን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነድተን ሴንት ፖል ገብተን አደርን፤ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰን፣ መኪና ውስጥ የሽሮ ፍትፍታችንን በልተን ወደ ሪደር አሬና ሄድን። ይህ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2002 ተከፍቶ በአሜሪካ ለኮሌጅ ሴቶች ሆኪ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ነው። ባለቤቱ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ባጀርስ ዓርብ ዕለት በግማሽ ፍጻሜው በገዛ ሜዳው 6 ለ 2 ያሸነፉት እርሱኑ ነው። እንዲህም ሆኖ በሩ ላይ የቆሙት የሚኒሶታ ሰዎች ቀይ ሹራባችንን አይተው በፈገግታ ነው ያስገቡን።

የመጨረሻው ደቂቃ ሲገባ ባጀርስ 3 ለ 2 እየተመሩ ነበር። በኦሃዮ ስቴት ግብ ፊት ትርምስ ተፈጠረ፤ እኔ ያየሁት የተደራረበ ሰው ብቻ ነው። አሰልጣኝ ማርክ ጆንሰን ግን ዳኞቹ ቪዲዮውን እንዲያዩ ጠየቁ። ከግብ ጠባቂዋ በቀር ማንኛዋም ተከላካይ በግቡ ፊት ባለው ክልል ውስጥ ፓኩን በእጇ ከሸፈነች ቅጣቱ ፍጹም ቅጣት ምት ነው፤ ይህን በጆሮዬ ያንሾካሾከችልኝ ልጄ ናት። ዳኞቹ ምስሉን እየመላለሱ ሲያዩ ያለፈው ጊዜ ስንት እንደነበረ አላውቅም፤ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ «እመቤቴ ሆይ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበረኝም። ጥፋቱ ተረጋገጠ። ሰዓቱ 18.9 ሰከንድ ላይ ቆሟል። ክርስተን ሲምስ ከሜዳው መሐል ብቻዋን ተነሣች። በ2023ቱ ፍጻሜ ብቸኛዋን ግብ ያስቆጠረችው እሷ ነበረች፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበረች። አዳራሹ ጸጥ ሲል የስለቱ ድምፅ ልክ እንደ ላባን አሬናው ተሰማኝ፤ ከዚያ መረቡ ተንቀጠቀጠ። ጭማሪ ሰዓቱ በተጀመረ በ2 ደቂቃ ከ49 ሰከንድ ደግሞ እሷው ራሷ የማሸነፊያዋን ግብ አገባች። ልጄ ክንዴን እንዴት አድርጋ እንደጨበጠችው በማግሥቱ ሥራ ስገባ የጣቶቿ ምልክት ይናገር ነበር።

አሰልጣኝ ጆንሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በሌክ ፕላሲድ ኦሎምፒክ ሶቪየት ኅብረትን ባሸነፈው የአሜሪካ ቡድን ውስጥ ሁለት ግብ ያስቆጠሩ ሰው እንደሆኑ የነገሩኝ በላባን አሬና ከጎናችን የሚቀመጡት ሽማግሌ ናቸው። እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው ከ20 ዓመት በላይ የሴቶችን ቡድን ሲያሠለጥን መኖሩን፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ስምንቱም ዋንጫዎች በእርስዎ እጅ መምጣታቸውን ሳስብ፣ ሴት ልጆችን ለአፍታ እንኳ እንደ ሁለተኛ ነገር እንዳልቆጠሩ ይገባኛል። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ሕጉን አስታውሰው እጅዎን ስላነሡ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ግብ ጠባቂዋ አቫ ማክናውተን፣ ሦስት ግብ ከገባብሽ በኋላ አራተኛውን ስለከለከልሽ አንቺም ተመስገኚ። የኦሃዮ ስቴት ልጆችም ምስጋና ይገባችኋል፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ በፍጻሜ ተገናኝታችሁ እንዲህ ባትፈትኗቸው ኖሮ የእኛዎቹ እዚህ አይደርሱም ነበር። በሰልፍ እጅ ስትጨባበጡ ስታለቅሱ አይቼ አብሬያችሁ አልቅሻለሁ፤ እኔም ያለፈውን ዓመት ሌሊት አስታውሳለሁና።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ የቅዳሜና የእሑድ ማታ ተራዬን ተከፋፍላችሁ ስለሸፈናችሁልኝ አመሰግናለሁ። በሴንት ፖል ያሳደርሽን አክስቴ፣ ሆኪ ምን እንደሆነ ሳታውቂ እሑድ ማታ ደስታችንን አይተሽ ቡና ስላፈላሽልን፣ ሦስተኛውን ስኒ እስክንጠጣም ልጄ ጨዋታውን በስኒና በስኳር ማስቀመጫ እያሳየች ስትተርክልሽ እስከ መጨረሻው ስላዳመጥሻት ተባረኪ። ያቺን ሻንጣ በሬ ላይ ያስቀመጥሽው እህቴ፣ ልጄ ከመንሸራተቻ ጫማው አድጋለች፤ ጽድት አድርጌ አስሬዋለሁ። በእኛ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር የሰባት ዓመት ልጅ እግሯን ለክታ ልክ ሆኖላታልና፣ ፈቃድሽ ከሆነ ለእሷ እሰጠዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት ሆኪ ተጫዋች እናት
ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን
መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.