ቲቸርዬ፣ ጠፋሁብሽ

ቲቸርዬ፣

«ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ እምቢ አለኝ፣ እኔና አንቺ እንዲህ ተባብለን አናውቅም። ጠፋሁ። ሦስት ዓመት አለፈው። ይቅርታ አድርጊልኝ በቃ፣ ስራ በዛብኝ ልጅ ታመመብኝ ብዬ ምክንያት አልደረድርብሽም፣ ለሁሉም ጊዜ ነበረኝ ላንቺ ነው ያጣሁት። ጥር 2015 ላይ ያ የ12ኛ ክፍል ውጤት የወጣ ቀን፣ ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው 50 እና ከዛ በላይ ያመጡት የተባለ ቀን፣ ስልኬን አንስቼ ስምሽ ላይ ደርሼ መልሼ አስቀመጥኩት። ልጆቹን ስታባብዪ እንደዋልሽ እንኳን እኔ ማንም ያውቃል። ያኔ ነበር መደወል የነበረብኝ፣ አልደወልኩም፣ ከዛ አፈርኩ፣ ሀፍረቱ ደግሞ ሲከርም እየከበደ ሄደ። አሁንም ካልቸገረኝ አልጻፍኩልሽም ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው።

የቸገረኝ ምን መሰለሽ፣ ፈተና ነው። አዎ አሁንም ፈተና! እኔ እዚሁ ቨርጂኒያ ነኝ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ፣ አሁንም ረዳት መምህር ነኝ። ኤስኦኤል የሚሉት የስቴቱ ፈተና አለ፣ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ልጅ በየዓመቱ ሒሳብና ንባብ ይፈተናል። ግንቦት ላይ ሊሰጥ ነው፣ እና የትምህርት ቤቱ የፈተና አስተባባሪ ባለፈው ሳምንት ጠርታኝ የፈታኞቹን ስልጠና ግማሹን አንቺ ስጪ አለችኝ። ስምንት ሰው ነው፣ ረዳቶች፣ የላይብረሪዋ ሴትዮ፣ አዲስ የተቀጠሩ ሁለት ልጆች። የኔ ድርሻ እንግሊዝኛ ገና እየተማሩ ያሉ ልጆችን እንዴት እንደምንፈትን ማሳየት ነው። ሐሙስ ነው። እስካሁን አንድ ገጽ አልጻፍኩም።

ሌላው ሌላው ቀላል ነው፣ አንቺ ብትሆኚ በግማሽ ሰዓት ትጨርሽው ነበር። የመግቢያ ቲኬት አለ፣ የያንዳንዱ ልጅ ስምና የኮምፒውተሩ መግቢያ ያለበት፣ ሲወጣ ይቆጠራል ሲመለስ ይቆጠራል ከዛ ተቆልፎ ይቀመጣል። ማስታወሻ የጻፉበት ቁራጭ ወረቀት እንኳ ይሰበሰባል። ግድግዳው ላይ የማባዛት ሰንጠረዥ ካለ ይሸፈናል። ስልክና ስማርት ሰዓት የልጁም የኛም ከክፍሉ ይወጣል። ለልጆቹ የምናነበው መመሪያ ማኑዋሉ ላይ እንዳለ ቃል በቃል ነው፣ አንድ ቃል ጨምሮ ማሳመር አይፈቀድም። ሰዓት የለውም፣ ልጁ እስኪጨርስ ይጠበቃል፣ ይሄን ወድጄዋለሁ። ሁላችንም ፈርመን ነው የምንገባው፣ ሕጉ ላይ ደግሞ አስቦበት ያጠፋ ሰው በያንዳንዱ ጥፋት እስከ 1000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል ይላል፣ የመምህርነት ፈቃድ ያለው ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ያስደነግጥሻል። አንቺ በየዓመቱ «ከባዱን ዝለሉትና በኋላ ተመለሱበት» ትያቸው አልነበር? እዚህ የሒሳቡ ፈተና ላይ አይሰራም። ኮምፒውተሩ ልጁ እንደመለሰው እያየ ነው ቀጣዩን ጥያቄ የሚመርጥለት፣ ስለዚ ሳይመልስ ማለፍ የለም፣ ካለፈ በኋላም መመለስ የለም። ይሄን ለልጆቹ ቀድመን ካልነገርናቸው የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ ላይ ተገትረው ነው የሚቀሩት። ሐሙስ መጀመሪያ የምናገረው እሱን ነው።

የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። መስከረም ላይ ከጎንደር የመጣ አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ አለ፣ እኔ አቡሽ ነው የምለው። እዚህ ሀገር ከገባ ዓመት ስላልሞላው ከንባቡ ፈተና አንዴ ነፃ ይሆናል፣ ከሒሳቡ ግን አይሆንም፣ የፌዴራሉም ሕግ እንደዛ ነው። ሒሳብ ብታዪው! ማካፈሉን በጭንቅላቱ ነው የሚሰራው። የሚያሰናክለው ቃሉ ነው። የተፈቀደለት ቃል ለቃል የሚተረጉም መዝገበ ቃላት ነው፣ ማብራሪያም ምሳሌም የሌለው፣ እንግሊዝኛው በዚህ አማርኛው በዚህ። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ ቃል ማግኘት እንለማመዳለን፣ ፊደል ይለያል ግን የእንግሊዝኛውን ፊደል ቅደም ተከተል ገና አላጠራውም፣ አንድ ቃል ለማግኘት በፊት ሦስት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር አሁን ወደ አንድ ወርዷል።

ማክሰኞ የመለማመጃ ጥያቄ ሰጠሁት፣ ለሁሉም ክፍት የሆነውን። «አባውት ሀው ሜኒ» ይላል ጥያቄው። አቡሽ መዝገበ ቃላቱን ገለጠ፣ ፈለገ ፈለገ አገኘው፣ «ስለ» ይላል። «ስለ ስንት?» አለኝ ቀና ብሎ። ሆዴ ተላወሰ ቲቸርዬ። ጥያቄው እኮ በግምት ስንት ይሆናል ነው የሚለው! ልምምድ ስለነበር ነገርኩት፣ ወዲያው ሰራው፣ ፊቱ በራ። ግን የፈተናው ቀን እንደዛ ቀና ብሎ ቢያየኝስ? በሱ ቋንቋ፣ ከዛ ክፍል ውስጥ እኔ ብቻ በምሰማው ቋንቋ ቢጠይቀኝስ? መተርጎም አልችልም። ራሴን መነቅነቅ አልችልም፣ ቅንድቤን ማንሳት አልችልም፣ አንድ ጥያቄ ጋ ረዘም አድርጌ መቆም እንኳ እንደ ፍንጭ ይቆጠራል። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጥያቄ ማንበብ ራሱ የኔ አይደለም። «በዚህ ልረዳህ አልችልም፣ የምትችለውን ሞክር» ብዬ ማለፍ ነው።

አንዷ ረዳት «ታዲያ ቢያለቅስስ?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሃ መስጠት ይቻላል፣ ትንሽ እንዲያርፍ ማድረግ ይቻላል፣ ማጽናናት ይቻላል፣ ስለ ጥያቄው ግን አንዲት ቃል የለም አልኳት። መልሱን ስናገር ድምፄ ልክ አልነበረም።

ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። የፈተና ክፍል 4።

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም፣ አንዴ ጽፌ አጠፋሁት። 2008፣ አንቺ ሱፐርቫይዘር እኔ ፈታኝ ሆነን፣ የ12ኛ ክፍል ፈተናው ሾልኮ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና ሲሰጥ፣ ፌስቡኩ ሁሉ ተዘግቶ፣ ልጆቹ ሁለቴ ተዘጋጅተው ዝለው የመጡ ጊዜ። መስኮቱ ጋ የነበረችው ልጅ፣ እርሳሷን ይዛ እጇ ሲንቀጠቀጥ። ጣቴን አንሰር ሽቷ ላይ አሳረፍኩት። አንድ ጥያቄ ነው፣ አንዴ ነው። ቀና ስል አንቺ በር ላይ ቆመሻል፣ እንደ ልማድሽ ጫማሽን አውልቀሽ በካልሲ፣ መምጣትሽን ማን ይሰማል። አይተሽኝ ነበር አይደል? ማታ ያቺ ቤት ሽሮ ቀርቦልን አንቺ ስለ አበሉ ስለ መኪናው አወራሽ፣ ስለሱ ግን ምንም። እስከዛሬ ምንም። እኔም እንዳልተፈጠረ አደረግኩት። ያኔ ርህራሄ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር፣ ልጅቷ አሳዝናኝ ነው ብዬ። አሁን ሲገባኝ ግን ከኋላዋ የነበሩት እነዛ ሁሉ ልጆች፣ እነሱም እንደሷ የደከሙት፣ እነሱ ጣት ማን አሳረፈላቸው? አቡሽም እኔ «በግምት» ብዬ ብነግረው በስሙ የሚጻፈው ውጤት የሱ አይሆንም፣ በሚቀጥለው ዓመት ይችላል ተብሎ እርዳታው ሊቀነስበት ነው። ይሄን አውቃለሁ። ባውቅም አፌን አላምነውም።

አስተባባሪዋ ጋ ሄጄ የአማርኛ ተናጋሪዎቹ ክፍል እኔ ባልሆን ይሻላል ልላት ነበር። ከዛ ደግሞ ሌላ ሰው ቢገባ፣ ልጁ ስሙን በትክክል የሚጠራው ሰው ሳይኖር ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ሲል ታየኝና ተውኩት። ቢያንስ እኔ ስኖር እንዴት እንደሚቀመጥ ሳይ ይገባኛል፣ ሄድፎኑ ካልሰራ አፍሮ እጁን እንደማያወጣ አውቃለሁ። እሱን ማስተካከል የኔ ስራ ነው፣ የተፈቀደም ነው። እስከዛ ድረስ ደግሞ ሒሳብ ላይ የሚመጡትን እንደ «አባውት» ያሉትን ቃላት እየለቀምኩ ነው፣ አሁን ማስተማር ይቻላል፣ እስከ ዋዜማው ድረስ ማንም አይከለክለኝም። አርባ ያህል ደርሰዋል።

እና የምለምንሽ ምን መሰለሽ። የዛን የ2008ቱን ዕለት ጠዋት፣ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ፈታኞቹን ሰብስበሽ የተናገርሽው ነገር ነበር፣ ሁሉም ዝም ብሎ የሰማሽ። ሀሳቡ ትዝ ይለኛል ቃሉ ግን ጠፋኝ፣ ልጁ ፊታችሁን ነው የሚያየው ብለሽ ነበር የጀመርሽው። በቴሌግራም በድምፅ ላኪልኝ። እኔ ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ለነዛ ስምንት ሰዎች እነግራቸዋለሁ። የጫማውን ግን ሳልጠይቅሽ እነግራቸዋለሁ፣ ድምፅ የሌለው ጫማ አድርጋችሁ ኑ እላለሁ፣ አንቺን እኮ ያኔ በካልሲ ሱፐርቫይዘር ስንል ነበር የምናሾፍብሽ፣ አሁን ነው የገባኝ።

እስከ እሮብ ማታ ከደረሰኝ ይበቃኛል። የክፍል 4ቱን ደግሞ ሲመችሽ፣ መልስ መስጠት ካልፈለግሽም ተይው፣ አይተሽኝ እንደነበር ብቻ ብትነግሪኝ።

እማማን ሳሚልኝ። ጉልበታቸው እንዴት ሆነ?

ያንቺዋ